ማር ከአናቢው ደጅ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ገዢዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከአነስተኛ የቤተሰብ አናቢዎች ማር ለሚገዛ ሰው፣ ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

ማር የሚገዛው በየትኛው ወር ነው?

ትልቁ ቆረጣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ነው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባው፣ ማገጡና የማሳ ዳሩ አበባ ሁሉ ሲፈነዳ ንብ ይቀስማል፤ የቀሰመው ውሃው ተኖ ማር እስኪሆን ግን ሳምንታት ይፈጃል። ወሎ የበልግ ዝናብ ስላለው በልጉ ከሰመረ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ሁለተኛ ቆረጣ ይኖራል። በልጉ ከከሸፈ ይህኛው ጨርሶ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ባለ ዓመት አናቢው «ዘንድሮ የለም» ቢልዎ አይቀየሙት፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት ወደ እሱ ይመለሱ።

የወራቱን ነገር ማወቅ ሻጭን ለመመዘንም ይረዳል። መስቀል ሳያልፍ «የዘንድሮ የአደይ ማር» የሚል ሰው ወይ የአምናውን ይዟል፣ ወይ ሳይበስል ቆርጧል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ «ትናንት የተቆረጠ» ከተባሉም ይጠርጥሩ፤ በዚያ ብርድና ዝናብ ንብ ያከማቸውን ይበላል እንጂ አዲስ አያጠራቅምም። የአምና ማር መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፣ በደንብ ከተቀመጠ ይበላል። ነውሩ አምናን ዘንድሮ ማለት ነው።

የት ሄጄ ልግዛ?

ከደሴ በሐይቅ መንገድ ተሁለደሬ፣ አምባሰልና ወረባቦ፣ በሌላው በኩል ኩታበር፣ በኮምቦልቻ በኩል ደግሞ የቃሉ ገጠር ቀበሌዎች አሉ። በየቀበሌው ማን ስንት ቀፎ እንዳለው፣ ማን በዘመናዊ ቀፎ እንደሚያነባ የሚያውቀው የግብርና ልማት ሠራተኛው ነው፤ እሱን መጠየቅ ግማሽ ቀን መንከራተትን ያስቀራል።

ገበያ ላይ መግዛትም ይቻላል። ችግሩ ነጋዴው ከብዙ አናቢ ሰብስቦ በአንድ ጄሪካን ስለሚገለብጥ፣ አንዱ ያልበሰለ ማር ቢያመጣ የሌላውንም ያበላሻል። ገበያ ወርደው ከሆነ ይልቅ ትንሽ ዕቃ ይዘው የመጡትን ገበሬዎች ይፈልጉ። አሥር ጄሪካን የደረደረው ነጋዴ ነው፤ አንድ ባልዲ ማር ጭናቸው መሃል አድርገው የተቀመጡት እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ቀፎ ማር ነው የያዙት።

ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፦ የትኛው ይሻላል?

ቀለሙን የሚሰጠው አበባው ነው። መንቴሴ የሚበዛበት አገር ማሩ ነጭ ይሆናል፤ ባህር ዛፍ ወደ ወርቃማ ያደላል፤ ግራዋ የበዛበት ጠቆር ያለና ትንሽ መረር የሚል ነው። ያረጀ የማር እንጀራ (ንቡ ማሩን የሚሞላበት የሰም ቤት) እና የበዛ ጭስም ማርን ያጠቁራሉ። ስለዚህ ቀይ ማር «የወደቀ» ነጭ ማር «የከበረ» የሚለው የዋጋ ነገር እንጂ የጥራት ነገር አይደለም። ለገንፎና ለዳቦ ነጩን ወይም ቢጫውን የሚመርጥ ብዙ ነው፤ ጠጅ ጣዮች ደግሞ ቀዩን አይንቁትም። ነጩ ስለሚወደድ ግን የነጭ ማር ስም ተለጥፎበት የሚሸጠው ብዙ ነውና፣ ነጭ ለተባለ ብቻ ብዙ አይጨምሩ።

ያልተጣራውን ከነእንጀራው ልግዛ ወይስ የተጣራውን?

ከባህላዊ ቀፎ የወጣ ያልተጣራ ማር ከክብደቱ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ሰም ብቻ ነው። ሰሙ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ማር፣ አንዳንዴም እጭና የአበባ ዱቄት አለበት። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ ሲያወዳድሩ ያልተጣራው በርከስ ማለቱ የግድ ነው። እኩል ዋጋ ከተጠየቁ የሚከፍሉት ለሰም ነው። እጭ ያለበትን ቁራጭ ደግሞ አብረው አያስመዝኑ፤ እጭ ማሩን ያኮመጥጠዋል።

በሌላ በኩል ያልተጣራው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ያዩታል። እንጀራው ላይ ያሉት ጉድጓዶች በስስ ነጭ ሰም ከተከደኑ ንቡ ራሱ «በስሏል» ብሎ አትሞታል ማለት ነው። ከአራቱ ሦስት እጅ የተከደነ እንጀራ ጥሩ ነው። አብዛኛው አፉን የከፈተ ከሆነና ዘንበል ሲያደርጉት ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ቸኩለው የቆረጡት ነው።

ቤት ሲያጣሩ እሳት ላይ አይጣዱት። እንጀራውን በንጹሕ እጅ ወይም በእንጨት ማንኪያ ሰባብረው ንጹሕ ማጥለያ ጨርቅ ላይ ያድርጉና ከሰፊ ዕቃ በላይ አንጠልጥለው ይተውት። ኮምቦልቻ በአንድ ቀን ይወርዳል፤ ደሴ ብርድ ስለሆነ ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ይፈልጋል። የወረደውን ከድነው ሁለት ሦስት ቀን ያሳርፉት፤ አየሩና የሰም ፍርፋሪው አረፋ ሆኖ ሲንሳፈፍ በማንኪያ ገፈው ያነሱታል። ጨርቁ ላይ የቀረውን ሰፈፍ በለብ ያለ ውሃ ካጠቡት ለዕለቱ ብርዝ ይሆናል። ብርዙን ለነገ ካሳደሩት ግን መፍላት ይጀምራል፤ የሚያሰክር የማይቀምስ ቤተሰብ ይህን ልብ ይበል።

በሊትር ነው በኪሎ የሚገዛው?

በኪሎ። 1 ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ሙሉ ማር 7 ኪሎ ነው። የሊትር ዋጋ ከተነገረዎ ለ1.4 ያካፍሉት፣ የኪሎው ዋጋ ይወጣል። ባዶው ዕቃ አስቀድሞ ይመዘን።

ኮምቦልቻ ፈሳሽ የነበረው ማር ደሴ ሲገባ ረጋ። ስኳር ተቀላቅሎበት ነው?

አይደለም። ስንት አናቢ ያለ ጥፋቱ የተወቀሰው በዚህ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጡ የአየሩ ሙቀት በብዙ ይቀንሳል። ማር ፈጥኖ የሚረጋው ደግሞ በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ጓዳ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ማር ውስጥ ካሉት ሁለት ዋና ስኳሮች አንዱ ግሉኮስ ነው፤ ሲበርደው ከውሃው ተለይቶ ጠጠር ይሠራል። የአበባ ዱቄትና የሰም ብናኝ ለጠጠሩ መነሻ ስለሚሆኑ በቤት ማጥለያ የተጣራ ማር በፋብሪካ ከተጣራው ቀድሞ ይረጋል። መርጋቱ ማርነቱን አያሳጣውም፣ አለመርጋቱም አያስመሰክርለትም፤ ምን ያህል እንደሚረጋ የሚወስነው በአብዛኛው የአበባው ዓይነት ነው።

ወደ ፈሳሽነቱ ለመመለስ ድስት ግርጌ ጨርቅ ያንጥፉና ብልቃጡን ክዳኑን አላልተው ያቁሙበት። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ ማለትም 40 ዲግሪ ገደማ፣ እስከ ማሩ ከፍታ ይጨምሩ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀይሩት፣ በየመሃሉ በደረቅ ማንኪያ ያማስሉት። አንድ ኪሎ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ብልቃጡን በቀጥታ እሳት ላይ ማድረግ ጠረኑን ያጠፋዋል፣ ቀለሙን ያጠቁረዋል፤ የፕላስቲክ ዕቃ ከሆነም ይጣመማል። ደግሞ ሁሉን አንድ ጊዜ አያሙቁ፣ ለሳምንት የሚበቃዎትን ብቻ።

አንድ የሚያሰጋ መርጋት አለ። ታችኛው ጠጥሮ ከላይ ቀጭን ፈሳሽ ከተንሳፈፈ፣ ውሃው ወደ ላይ ተሰብስቧል ማለት ነው፤ መኮምጠጥ የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው። እንዲህ ያለውን አሙቀው ያዋህዱትና ቶሎ ይብሉት።

ንጹሕ መሆኑን ቤት ውስጥ እንዴት አረጋግጣለሁ?

በአፍ የሚዞሩት መፈተኛዎች አብዛኞቹ አይረቡም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ ሲያደርጉት መስመጡ? ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ይሰምጣል። ክብሪት ነክሮ መለኮስ? ሽሮፕ የነካ ክብሪትም ይነዳል፤ ይህ ፈተና ቢበዛ የሚያሳየው ውሃ መብዛቱን ነው። ጉንዳን አይቀርበውም የሚባለውስ? የማር ዕቃ ክዳኑን ሳይገጥም ያሳደረ ሰው መልሱን ያውቃል።

ሁለት የሚጠቅሙ አሉ። አንደኛው የተቀላቀለ ዱቄትና ድንች የሚለይ ነው፦ አንድ ማንኪያ ማር በሦስት ማንኪያ ውሃ ያሟሙና ከፋርማሲ የሚገዛውን የቁስል አዮዲን ሁለት ጠብታ ይጨምሩበት። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለበት፤ ከዚያ ይደፉት እንጂ አይቅመሱት። ሁለተኛው ውሃን የሚለይ ነው፣ ግራም የሚያነብ ሚዛንና ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይፈልጋል። ባዶውን ብልቃጥ ይመዝኑ። እስከ አፉ ውሃ ሞልተው ይመዝኑና የውሃውን ክብደት ለይተው ይያዙ፤ 250 ግራም ሆነ እንበል። ብልቃጡን በደንብ አድርቀው በዚያው ልክ ማር ይሙሉበት፣ አረፋው እስኪወጣም ይታገሡ። የማሩ ክብደት 350 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ማለትም ከውሃው 1.4 እጥፍ ከመዘነ፣ በስሏል። ከ345 ግራም በታች ከሆነ ውሃው በዝቷል፤ ወይ ሳይበስል ተቆርጧል፣ ወይ ውሃ ነክቶታል። የረጋ ማር ላይ ይህን አይሞክሩት፣ አየር ስለሚይዝ ያሳስታል።

የስኳር ሽሮፕን ግን፣ ወፍራም አድርጎ ካበሰለው ብልህ አጭበርባሪ ጋር፣ ከላቦራቶሪ ውጭ የሚለየው የለም። ለዚህ ነው ማርን ከመፈተን ሻጩን ማወቅ የሚሻለው።

አናቢው ቤት ስደርስ ምን ልይ? ምን ልጠይቅ?

ቀፎውን ለማየት ይጠይቁ፤ ሽቶ ሳይቀቡ ይሂዱ፣ ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት አይቁሙ፣ ከጎን ይቁሙ። ቀፎውን ቆጥረው ከሚሸጠው ማር ጋር ያመዛዝኑ። አንድ ባህላዊ ቀፎ በአንድ ቆረጣ ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ዘመናዊው በደህና ዓመት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ያህል ይሰጣል። አራት ባህላዊ ቀፎ ያለው ቤት ሁለት ኩንታል ማር ካቀረበልዎ ሌላ ምንጭ አለው።

ቀጥሎ ማጨሻውን ይጠይቁ። ብዙ ኩበት ታጭሶበት የተቆረጠ ማር ጠረኑ ጭስ ጭስ ይላል፣ ይህን ማንም አፍንጫ ያውቀዋል። ማሩ የተቀመጠበትን ዕቃም ገልጠው ያሽትቱ፤ ዘይት፣ ነዳጅ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን ቢታጠብም ለማር አይሆንም። የዛገ ቆርቆሮም እንዲሁ፣ ማር አሲድነት ስላለው ብረት ይበላል።

«ንብዎትን ስኳር ያበሉታል?» ብለው ይጠይቁ፣ ግን «አዎ» ያለውን አይሽሹ። በክረምት ንብ እንዳይራብ የስኳር ብጥብጥ፣ በሶ ወይም ሽሮ መስጠት የደህና አናቢ ሥራ ነው። ጥያቄው መቼ አቆመ የሚለው ነው፦ አበባ ከመጣ፣ የሚቆረጠው ማር መሞላት ከጀመረ በኋላ ስኳር መስጠት ስኳርን በንብ አዙሮ መሸጥ ነው። «መስከረም ሲገባ አቆማለሁ» ያለዎት ሰው ሥራውን ያውቃል። «እኔ በጭራሽ!» ብሎ የሚቆጣው ይልቅ ያጠራጥራል።

ዋጋ ሲከራከሩ አባባንም እማማንም አክብረው ይጠይቁ፤ ማር የሚቀመሰው በነጻ ነው፣ ቀምሰው መመለስ ነውር የለውም።

ማሩ አረፋ አወጣ፣ ክዳኑም ተነፋ። ምን ሆኖ ነው?

ፈልቷል። ውሃው ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ማር ውስጥ እርሾ ይነሳል፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ይታያል። ሌላው መንስኤ የገዢው ራሱ ነው፦ እርጥብ ማንኪያ፣ ግማሽ ጎደል ዕቃ፣ የማይገጥም ክዳን። ማር የአየር እርጥበት ስቦ ይጠጣል።

ገና የጀመረ ከሆነና ጠረኑ የእርሾ ብቻ ከሆነ ለጠጅ ይሆናል፤ ለብልቃጥ ግን አይመለስም። ገና በገዙ በሳምንቱ ከፈላ ወስደው ለአናቢው ያሳዩት፤ ደህና አናቢ ይቀይራል።

ጉሮሮ የሚያቃጥል ማር ጥሩ ነው?

ትንሽ ለከፍ ማድረግ የብዙ ማር ጠባይ ነው። አፍን የሚለበልብ፣ ውሃ ሲጠጡበት የሚብስ ማቃጠል ግን ብዙውን ጊዜ ከቁልቋል አበባ ነው። በቆላው ዳገት ቁልቋል ሲያብብ ንብ ይቀስመዋል። «መድኃኒት ነው» ብለው የሚሸጡት አሉ፤ ለልጅና ጨጓራ ላለበት ሰው ግን አይስጡት። ከመግዛትዎ በፊት በምላስ ጫፍ ቀምሰው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ማቃጠሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ለሕፃን ይሰጣል? ስኳር ያለበትስ ሰው?

ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም። አራስ ልጅን ቅቤና ማር ማስላስ የቆየ ልማድ ነው፣ ነገር ግን በንጹሕ ማር ውስጥም ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ የሕፃን አንጀት አይችለውም፣ ጡንቻውን አስንፎ ትንፋሽ እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ማሩን ማፍላት ዘሩን አይገድለውም። ዓመት ካለፈው በኋላ ችግር የለም።

የስኳር ሕመም ላለበት ማር ስኳር ነው፤ ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ። «ንጹሕ ማር ስኳር አይጨምርም» የሚለው የሻጭ ወሬ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ብልክስ?

ደሴ የሞሉት ዕቃ ቆላ ሲወርድ ይሞቃል፣ ይላላል፣ ክዳኑን ፈልቅቆ ይወጣል። ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ያጉድሉ፣ በክዳኑ ሥር ላስቲክ አድርገው ያሽጉ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው በካርቶን ያቁሙት። የረጋ ማር ለጉዞ ይመቻል፣ ስለዚህ ከመላክዎ በፊት አያቅልጡት። ወደ ውጭ በሚደረግ በረራ ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ አያሳልፉትም፤ የሚደርስበት አገርም ማር ማስገባት ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ የሚከለክሉ አሉ።

የጣዝማ ማር ነው ብለው ውድ ዋጋ ጠየቁኝ። እንዴት አውቃለሁ?

ጣዝማ የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት፤ ጎጆዋ መሬት ውስጥ ነው፣ ቀፎ ውስጥ አይደለም። ማሯን የምታስቀምጠውም እንደ ንብ እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ሳይሆን በትናንሽ ድቡልቡል የሰም ማሰሮዎች ነው። ስለዚህ ከነእንጀራው «ጣዝማ» ብሎ የሚያሳይዎ ሰው፣ እንጀራው ባለ ስድስት ማዕዘን ከሆነ፣ ራሱ መስክሮበታል። ከአንድ ጉድጓድ የሚወጣውም እጅግ ጥቂት ነው፤ በጄሪካን የሚሸጥ ጣዝማ የለም።

እውነተኛው ከተራ ማር ይቀጥናል፣ ኮምጠጥ ይላል። ቀጭን ስለሆነ ከላይ ያለው የብልቃጥና ሚዛን ፈተና እዚህ አይሠራም፤ ንጹሑ ጣዝማም ይወድቃል። አጭበርባሪው የሚመቸውም ይኸው ነው፦ ተራ ማር በውሃና በሎሚ አቅጥኖ ጣዝማ ይለዋል። ጎጆው ሲቆፈር ካላዩ ወይም የቆፈረውን ሰው ካላወቁ ያን ያህል ገንዘብ አያውጡበት። ካገኙ ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ሞልተው ፍሪጅ ያስገቡት፣ ውሃው ስለሚበዛ ከውጭ ከዋለ ይፈላል።